ጠጥታ የማትሰክር መሬት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ አስፋልቱን ለቃችሁ በጠጠሩ መንገድ ሽቅብ ከወጣችሁ፣ ከኪዳነ ምሕረት ደን ጀርባ ሰፊ የሣር ሜዳ ታገኛላችሁ። ቀዮ እንላታለን። የመንደራችን ከብት የሚውልባት የጋራ ግጦሽ ናት፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሞፈር ነክቷት አያውቅም። ተወልጄ ያደግሁት እግሯ ሥር ነውና ስለ እሷ ሳወራ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

የማወራችሁ ግን ስለ አስካለ ማርያም ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ የግጦሽ ዳኛችን፣ ከብት የትና መቼ እንደሚገባ የሚወስነው፣ እሱ ነበር። ሲሞት ዳኝነቱ ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ ያረጋል ይሄዳል ብለን ነበር የጠበቅነው። አንድ መስከረም ግን የአስካለ በሬ ገመዱን በጥሶ ለበጋ ከተከለለው ሣር ውስጥ ገባ። ያየ ሰው አልነበረም። ራሷ ጎትታ አምጥታ ከሽማግሌዎቹ ፊት አሰረችውና የበሬው ባለቤት እንደማንኛውም ሰው ይቀጣ አለች። በዚያው ሰሞን ተሰብስበን ዳኝነቱን ለእሷ ሰጠን። በአካባቢያችን ሴት የግጦሽ ዳኛ ስትሆን የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ያረጋልም እጁን አውጥቶ መርጧታል።

ያረጋል ክፉ ሰው አለመሆኑን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ የሚመጣው ነገር እንዳያሳስታችሁ። ብርቱ ገበሬ ነው። የሱ በርበሬ ቡሬ ገበያ ሲደርስ ነጋዴው ከጆንያው አፍ አንድ ዛላ አንሥቶ ሰበር ያደርግና፣ አሽትቶ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቀዋል ይባላል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ያረጋል ተነሥቶ ቀዮ ትታረስ አለ። ነገሩን አሳምሮ አቀረበው። በርበሬ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይጠወልጋል፤ ታች ያለው ጥቁር መሬት ክረምት ሲገባ ውሃ እየቋጠረ ችግኙን ይገድለዋል፤ ቀዮ ግን የወረደባትን ሁሉ ታሳልፋለች። እንዲህ ያለ መሬት ለከብት ጥርስ መተው ሀብትን መቅበር ነው አለ። ቀጥሎም ጎጆ ወጥተው የሚያርሱት ያጡትን ልጆቻችንን አነሣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። መሬት ያጣ ልጅ የሌለው ቤት የቱ ነው?

አስካለ ማርያም ስትመልስ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሣር አንዴ ከተገለበጠ በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም፤ በሬዎቻችንስ የት ውለው ነው የሚያርሱልን ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ጦፈ። ግማሹ ይታረስ፣ ግማሹ አይታረስ አለ፤ ወንድም ከወንድሙ ተኮራረፈ። ቄስ ሃይለ ሚካኤል ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ሁላችሁም ስለ እሷ ታወራላችሁ፤ እስቲ መሬቷ ራሷ ትጠየቅ፣ የሚጠይቃትም ሰው ይፈለግ አሉ።

የተፈለገችው ሰው ፍሬሕይወት ናት። የደምበጫ ልጅ ስትሆን ፍኖተ ሰላም የአፈር ባለሙያ ሆና ትሠራለች። በሞተር ሳይክል መጣች። መንገድ ላይ ዝናብ አግኝቷት ልብሷ ጭቃ በጭቃ ነበር፤ እሷ ግን ገና ከመድረሷ አካፋና ዶማ ጠየቀች። ሁለት ጉድጓድ አስቆፈረች፤ አንዱን እላይ ቀዮ ላይ፣ ሌላውን ታች ከጥቁር ውሃ መንደር ጋር በምንዋሰንበት ጨፌ ዳር። ያረጋልና አስካለ ማርያም ተራ በተራ ቆፈሩ። በክርክሩ ማግሥት ሁለቱ አንድ ዶማ ሲቀባበሉ ማየት ለኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ፍሬሕይወት እላይኛው ጉድጓድ ውስጥ ደረቷ ድረስ ገብታ ኑ እዩ አለችን። ከላይ የሣሩ ሥር እንደ ጋቢ የሸመነው ቡናማ አፈር አለ። ከዚያ በታች እስከ እግሯ ድረስ አንድ ወጥ ቀይ ነው። የሣሩ ሥር ክር እየመሰለ እስከ ጉልበቷ ወርዷል፤ የምስጥና የትል ቀዳዳ በየቦታው ይታያል። አፈሩን ጨብጣ ጨመቀችና መዳፏን ከፈተችው፤ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተበተነ።

“ይኸ ቅላቱ ብረት ነው” አለች። “አየር ስለሚያገኝ ዝጎ ቀልቷል። ውሃ የሚተኛበት ቢሆን ኖሮ ግራጫ ይሆን፣ ዝንጉርጉር ይታይበት ነበር። እዚህ ግን ከላይ እስከ ታች አንድም ዝንጉርጉር የለም። ውሃ ገብቶ ያልፋል እንጂ አያድርም።”

ከዚያ አንድ ጀሪካን ውሃ አስመጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋችው። እኛ ስናወራ ውሃው ሰረገ። ታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለው አፈር ግን ጥቁር ነው፤ እጅ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ እታች ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ይዟል። እዚያ የተደፋው ውሃ በማግሥቱም እንደቆመ ነበር።

ያረጋል ፊቱ በራ። ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ፍሬሕይወት ግን ጉድለቱንም አልደበቀችም። ውሃ የሚያሳልፍ መሬት ዝናቡ ሲያቆም ቶሎ ይደርቃል፤ ለዚህ ነው በጥር የቀዮ ሣር ቢጫ ሆኖ የጨፌው ገና የሚለመልመው። ደግሞም ዝናቡ ሲያልፍበት የአፈሩን ስብ አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ ኮምጣጣ ነው፤ ቢታረስ ኖራ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ቀዮ ተዳፋት ናት፣ ይዞ ያቆማት የሣሩ ሥር ነው አለች።

አስካለ ማርያም በዶማው እጀታ ተደግፋ አዳመጠቻት። “እንግዲህ ልጄ፣ ይታረስ ነው የምትይን ወይስ አይታረስ?”

“እሱን እኔ አልቆርጥልዎትም፣ እትየ። የናንተ መሬት ነው። እኔ የምነግርዎት ሣሩ ሲነሣ ምን ሊያገኘው እንደሚችል ብቻ ነው።”

እንደገና ተሰበሰብን፤ እንደገና እኩል ለእኩል ተከፈልን። በመጨረሻ ከቀዮ ትከሻ አንድ ቁራጭ ለያረጋልና መሬት ላጡት ወጣቶች ለሙከራ እንዲሰጥ፣ የቀረው በግጦሽነቱ እንዲጸና ተስማማን። አስካለ ማርያም አልወደደችውም። ግን የሸንጎ ቃል ነውና ድንበሩን በእግሯ ሄዳ፣ ችካሉን በእጇ ተክላ አስረከበቻቸው። እነሱም በደንብ ሠሩ። ፍሬሕይወት እንደመከረቻቸው አግድም አረሱ፣ በየመሃሉ የሣር መቀነት ተዉ፣ ኖራም አመጡ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኙ ተሰልፎ ሲታይ ያምር ነበር። አስካለ ራሷ ቆማ አይታ አበጃችሁ ብላቸዋለች።

ያን ዓመት ግን ክረምቱ እንደ ክረምት አልገባም። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ጠዋት ይዘንባል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ፋታ ይሰጥና ደግሞ ይጀምራል። የሐምሌ ገብርኤል ማግሥት ከሰዓት በኋላ የወረደው ደግሞ ዝናብ ሊባል አይገባውም፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍ ነበር። የታረሰው መሬት ገና ሥር አልያዘም። ጠብታው ሲደበድበው ፊቱ ተለሰነና ውሃ መቀበል ተወ፤ ውሃው እየተጠራቀመ መጣ፤ የሣሩን መቀነት አንድ ቦታ ላይ በጠሰው። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ዶፉ ሲያባራ ከችግኞቹ መሃል ወገብ የሚደርስ ቦረቦር ተከፍቶ አገኘነው። ቀዩ አፈር እንደ ደም እየፈሰሰ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ይወርዳል።

ልብ ያልኩት አንድ ነገር አለ። ከማሳው ጎን ያለው ሣር ያው ዝናብ ነው የወረደበት። ወደዚያ ስሻገር ግን የሚፈስ ውሃ አላገኘሁም፤ ከሣሩ ሥር ቀጭን ንጹሕ ውሃ ኩልል ይልና ጥቂት ርቆ ሳይሄድ ይጠፋል። መሬቷ ትጠጣው ነበር።

ያረጋል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የተነቀለ ችግኝ በእጁ ይዟል። ወጣቶቹ ከኋላው ቆመዋል። አስካለ ማርያም ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ መጣች። እኛ የምትለውን ጠበቅን፤ አንዳንዱም ብትናገረው ደስ ይለው ነበር።

“ተነሥ” አለችው። “ሌላ ዝናብ ሳይደርስ ድንጋይ እንደርድር።”

ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ከተዳፋቱ ጫፍ ድንጋይ እየተሸከምን ቦረቦሩን በየደረጃው በክትር ዘጋነው። የሰንበሌጥ ጉቶ እየነቀልን ከክትሩ ጎንና ጎን ተከልን። የተረፈውን ችግኝ ወጣቶቹ በየጓሯቸው አዛወሩት። ሥራው ሲያልቅ ያረጋል ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ ወደ እሷ ቀረበ።

“እርስዎ ያውቁ ነበር” አላት።

“አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነበር እንጂ። መፍራትና ማወቅ ለየቅል ነው። አንተም በርበሬ ይወዳታል ያልከው እውነትህን ነበር።”

ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ክፉ ቃል አልሰማንም።

እላይ እኛ በአንድ ቦረቦር ስንጨነቅ ታች ጥቁር ውሃ የነበረው ግን ከኛ የባሰ ነበር። ጨፌው ባሕር ሆነ። ከብቶቻቸው ቀን ከሌት ውሃ ውስጥ ቆመው ኮቴያቸው ይላጥ ጀመር፤ አልቅት ያዛቸው፤ አንዲት ያረገዘች ላም ረግረግ ውስጥ ሰጥማ በገመድ ተጎትታ ብትወጣም አልተረፈችም። ሣሩ ከውሃው በታች ነው፤ ሲገኝም ጭቃ የጠጣ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የጥቁር ውሃ ሽማግሌዎች ቆመው አገኘናቸው። ከፊት የቆሙት አያ ክንዱ ናቸው፤ በዕድሜም በንግግርም በአካባቢው የታወቁ አዛውንት። ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ጥር ቀዮ ደርቃ ከብቶቻችን ወደ ጨፌው ዳር ወርደው ነበር። ጥቁር ውሃዎች በዱላ መለሷቸው። የያረጋል ወይፈን እግሩን የተሰበረው ያኔ ነው። አያ ክንዱ ይህን አልሸሸጉም። ጥፋቱ የመንደራቸው እንደሆነ፣ እሳቸውም ቆመው እያዩ ዝም እንዳሉ ተናገሩ። ከብቶቻቸው ክረምቱ እስኪያልፍ ቀዮ ላይ እንዲቆሙላቸው ለመኑ።

ሾላው ሥር ተቀመጥን፤ እንግዶቹ ራቅ ብለው ጠበቁ። ብዙው ሰው አይሆንም አለ። ቂሙ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ፍርሃት ነው፤ ቀዮ ያን ሁሉ ከብት ብትሸከም ለኛ ምን ይተርፋል? አስካለ ማርያም ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ተነሣች።

“ሚያዝያ ላይ ስለዚች መሬት ስንከራከር ለከብት ትሁን ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የማን ከብት አላልኩም። ዛሬ ውሃ ውስጥ የቆመው ከብት ዱላ አላነሣም። መሬቷ ትችላለች ወይ ብትሉኝ፣ በሥርዓት ከሆነ ትችላለች፤ ሥርዓቱን የማስጠብቀው እኔ ነኝ። እናንተ ትችላላችሁ ወይ የሚለውን ግን እናንተ መልሱ።”

ሁሉም ሰው ያረጋልን ማየት ጀመረ፤ ወይፈኑ የተሰበረው የሱ ነዋ። ያረጋል ተነሥቶ ነጠላውን አስተካከለ። የሱን ከብቶች ቡሬ ወዳሉት አማቾቹ እንደሚወስድ፣ በእነሱ ቦታ የጥቁር ውሃ ከብት ቀዮ ላይ እንዲገባ ተናገረና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም።

አስካለ ማርያም ወደ አያ ክንዱ ሄዳ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አወረደችው። እንደ ወጉ እዚያው አልጣለችውም። ተሸክማው ወጥታ ከክትሮቹ አንዱ ላይ አስቀመጠችው።

ከብቶቹ በማግሥቱ ሽቅብ ሲወጡ እኛ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመን አየናቸው። ሆዳቸው ገብቷል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጥቁር ጭቃ ለብሷል፤ አንዳንዱ ያነክሳል። ጠንካራው መሬት ላይ ሲደርሱ ግራ የገባቸው መሰሉ፤ ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። የመጀመሪያዎቹ ጊደሮች በዚያው ከሰዓት በኋላ ደረቅ ሣር ላይ ተኙ። አንድ የጥቁር ውሃ ሰው ላሙ ተኝታ ስታመሰኳ አይቶ ፊቱን አዞረ፤ እንባው እንዳይታይበት ነው።

አስካለ ማርያም እንዳለችው ሥርዓቱን አስጠበቀች። ቀዮን በችካል ከፍላ ከብቱን እያዛወረች አበላች። ዝናብ ባባራ ቁጥር ተረከዟን መሬት ላይ ተክላ ትዞራለች፤ ተረከዟ ከሰመጠ ከብት አይገባም፤ ካልሰመጠ ይግባ ትላለች። ሌላ መሬት ቢሆን ሙሉ ቀን መጠበቅ ይኖርባት ነበር፤ ቀዮ ግን ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ትጸናለች። ፍሬሕይወትም የእንስሳት ሐኪም ይዛ መጣች፤ ለጉበት ትል መድኃኒት ተሰጠ፣ የታመመ ኮቴ ታከመ። ከዚያ ወዲያ የሞተ ከብት የለም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አያ ክንዱ ከብቶቻቸውን ሊያዩ ወጥተው ሜዳው መሃል ቆሙ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ጫማቸው ግን አልቆሸሸም። እግራቸውን አንሥተው አዩት፤ ከዚያ አስካለን አዩ።

“እኛ ታች ያለን መሬት ሲጠጣ ይሰክራል” አሉ። “የናንተዋ ግን ጠጥታ ሳትሰክር ታድራለች። ደግሞ ሰው ሲበድላት በደሉን ትውጣለች እንጂ መልሳ አታወጣም።”

መሬቲቱን ይሁን አስካለን ማለታቸው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። እሷ ግን ገብቷት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ንግግሩ እስከ ደምበጫ ገበያ ተሰማ።

በጥር ቀዮ እንደ ልማዷ ቢጫ ሆነች። ያን ጊዜ አያ ክንዱ ራሳቸው መጥተው ከብቶቻችንን ወደ ጨፌው ወሰዱ። በክረምት እላይ፣ በበጋ እታች የሚል ስምምነት በሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች ፊት ተደረገ፤ ቄስ ሃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን አስይዘው አጸኑት። ተሞክሮ የተተወው ቁራጭም እንደገና ሣር እየያዘ ነው። ወጣቶቹ የዚያንና የተከለለውን ሣር አጭደው በሬ ማድለብ ጀመሩ፤ ያረጋል ገበያውን ያውቀዋልና መሪያቸው ሆነ። መሬት ባይወጣላቸውም ሥራ ወጥቶላቸዋል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ፍሬሕይወት የገበሬዎች ስብሰባ አለ ብላ አስካለ ማርያምን ፍኖተ ሰላም ወሰደቻት። ከደምበጫም ከሊበንም የመጡ ሰዎች ነበሩ። ምን እንደተናገረች እኔ አልሰማሁም፤ የሰማው ሰው ግን አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበላት ይላል። አንድ የሊበን ሽማግሌ ብቻ አልተዋጠላቸውም። ያ ሁሉ ውሃ ገብቶ የሚያልፈው ወዴት ነው ብለው ጠየቋት። በአፍ ከምነግርዎት መጥተው ይዩት አለቻቸው።

መጡም፤ ሌሎችንም አስከትለው። ጊዜው ገና ዝናቡ ያልገባበት፣ ወንዙ ሁሉ ጠጠሩ የወጣበት ነበር። አስካለ ማርያም ቀዮን ካስጎበኘቻቸው በኋላ በደኑ በኩል ቁልቁል ወሰደቻቸው። ከተዳፋቱ ግርጌ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር፣ ክንድ የሚያክል ንጹሕ ውሃ ይፈልቃል። ድሮ በግንቦት ነጠብጣብ ብቻ ነበር የሚወጣው ወይም ይደርቅ ነበር፤ ያ ከባድ ክረምት ካለፈና ሣሩ ተዛውሮ መጋጥ ከጀመረ ወዲህ ግን አልተቋረጠም። የሊበኑ ሽማግሌ ተንበርክከው በእጃቸው ጠጡ። ጢማቸውን ጠረግ አድርገው የምንጩ ስም ማን ይባላል አሉን።

እርስ በርሳችን ተያየን። ስም አውጥተንለት አናውቅም። እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስንከራከር ሄድን። ቄሱ የኪዳነ ምሕረት ምንጭ ይባል ይላሉ። ያረጋል ደግሞ የአስካለ ምንጭ ካልተባለ አልጠጣም ብሎ ምሏል፤ እሷ ይህን በሰማች ቁጥር ትቆጣለች። እስካሁን አልተስማማንም።